ሁለት ጠርሙስ ወይን ጠጅ ለግራና

አንባቢዎቼ፣ ከባሕር ማዶ የሚመለስ ሰው ምን ይዞ ይመጣል ትላላችሁ? ለልጅ ጫማ፣ ለባል ሸሚዝ፣ ለጎረቤት ሽቶ፣ ለታመመ ዘመድ መድኃኒት ነው መልሱ። እኔም በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለአሥር ቀን የጋዜጠኞች ሥልጠና ወደ ሮማ ስሄድ የተሰጠኝ የአደራ ዝርዝር ከሻንጣዬ ይረዝም ነበር። ተመልሼ ሻንጣዬን ስፈታ ግን ከልጄ ጫማ ቀጥሎ የወጣው ሁለት ጠርሙስ ወይን ጠጅ ሆነ።

ባልደረቦቼ ይህን ሰምተው ሳቁብኝ። «አዲስ አበባ ውስጥ ቪኖ ጠፍቶ ነው ከኢጣልያ ድረስ የተሸከምሽው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጉደሩም አክሱሚቱም በየግሮሰሪው የታወቀ ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዝዋይ ላይ ከተተከለው ወይን የተጠመቀው ለገበያ ቀርቧል። ለማን እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ «ለእናቴ» አልኳቸው። «እናትሽ ወይን ጠጅ ይወዳሉ?» አሉ። እናቴ በዚያን ጊዜ ወይን ጠጅ ቀምሳ አታውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሮማ በፊት ግራናን ማስቀደም ይኖርብኛል። ግራና በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ በመርሳ አካባቢ ያለች ሞቃት አገር ናት። ስለ ቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት በሬዲዮ የሰማ ሰው ስሟን ያስታውሰዋል። እናቴ እዚያ ጠላ ትሸጣለች። አባቴ ሲሞት እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ከእኔ በታች ሦስት ልጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አራታችንንም ያሳደገችን የማሽላ ጠላ ነው።

የጠላ ሥራ ከብዙዎቻችሁ የተሰወረ አይደለምና አላስረዝመውም። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይከተላል፣ እህሉ ተቆልቶና ተፈጭቶ አሻሮ ይሆናል፣ ድፍድፉ ሰንብቶ በውኃ ይሞላል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውኃውን ከወንዝ የማምጣቱ ድርሻ የእኔ ነበር። ትከሻዬ ዛሬም ያስታውሰዋል።

ከበራችን በላይ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ይሰቀል ነበር። ጠላ መኖሩን ለመንገደኛ የሚናገረው እሱ ነው፤ ጠላው ሲያልቅ ይወርዳል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀድሞ የሚታየኝ ጣሳው ነበር። ተሰቅሎ ካየሁት ቤታችን በሰው ተሞልቷል ማለት ነውና ከነደብተሬ ወደ ጎረቤት እገባለሁ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። ጠላ ደጃቸውን አያልፍም፤ የጠላ ሻጯ ልጅ ግን ምድጃቸው አጠገብ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። በበዓል ቀን እናቴ ለእሳቸው ለብቻው በንጹሕ ዕቃ ብርዝ ታዘጋጅላቸዋለች።

«የጠላ ሻጭ ልጅ» የሚለው ስድብ የተጀመረው አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ለጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አዲስ አበባ ስገባ የክፍል ጓደኞቼ የእናቴን ሥራ ጠየቁኝ፤ «ነጋዴ ናት» አልኩ። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለባሌ ዘመዶች ግን «ትንሽ ሱቅ አለቻት» ለማለት በቃሁ፤ ነጋዴ የሚለው ቃል እያደር ሱቅ ከፈተ። ልጄ ስትወለድም ያው ሱቅ አብሯት አደገ።

በምረቃዬ ዕለት እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ መጥታ ከጓደኞቼ ርቃ ቆመች። ፎቶግራፍ ለመነሣት ብጠራት እጇን ከነጠላዋ ሥር ሸሸገች። «ጌሾው ከእጄ አልለቅ ብሎኝ ነው፤ ሳሙና ጨርሻለሁ» አለችኝ። እኔም ጠጋ በይ አላልኳትም። ይህን ስጽፍ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ እየቆጠርኩ ነው።

ወደ ሮማው ነገር ልመለስ። ሥልጠናው ሲያበቃ በየዕለቱ በእግሬ ስዞር አንድ ቀን የአክሱም ሐውልት ቆሞበት ከነበረው አደባባይ ደረስኩ። ከ150 ቶን በላይ የሚመዝነውን ድንጋይ በ1929 ዓ.ም. በመርከብ አምጥተው በኋላ ተከሉት፤ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. በአይሮፕላን ነው። ያን ያህል ዕቃ ከእኛ አገር ከመጣ እኔ ከእነሱ አገር ሁለት ኪሎ ብወስድ ምን ይለኛል ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ወይን ጠጅ ግን ገና አላሰብኩም ነበር።

ወይኑን ያመጣችው አንዲት የመርሳ ልጅ ናት። ሮማ ውስጥ አንዲት አሮጊት ስታስታምም ስምንት ዓመቷ ነው። እዚያ አገር የቤት ሠራተኞች በልማድ የሚያርፉት ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ስለሆነ በእነዚህ ቀናት የአገር ልጆች በዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ይገናኛሉ። አነጋገሬን ሰምታ «አንቺ ወሎዬ ነሽ» ብላ ያዘችኝ። በማግሥቱ ሳምንት እሑድ፣ ኅዳር 4 ቀን፣ ከሮማ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ወደምትርቀው ወደ ፍራስካቲ ወሰደችኝ። እሷ ሙስሊም ናት፤ አትጠጣም። «የማልጠጣውን አስጎብኝ ብሎ የፈረደብኝ አንቺን ነው» እያለች ታስቀኝ ነበር።

ፍራስካቲ ከሮማ በላይ በአልባኖ ኮረብቶች ላይ የተቀመጠች የወይን አገር ናት። እሳተ ገሞራ የተወው አፈር ለወይኑ ይስማማዋል ይባላል። ከቤቶቹ ሥር በለስላሳው ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈሉ ዋሻዎች አሉ፤ ወይን ጠጁ በጋም ክረምትም በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቆያል። ከሁለት ቀን በፊት የቅዱስ ማርቲኖስ በዓል ውሎ ነበር። ኢጣልያኖች የዓመቱን አዲስ ወይን ጠጅ የሚቀምሱት በዚህ በዓል ሰሞን ነው።

በአንዲት ጠባብ መንገድ ስናልፍ ከአንድ በር በላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ታስሮ ተንጠልጥሎ አየሁ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ጓደኛዬ ያሳደሯት አሮጊት ያስረዷትን ነገረችኝ፤ ቅርንጫፉ ፍራስካ ይባላል፤ ድሮ አዲሱ ወይን ጠጅ ሲደርስ ባለቤቶቹ ይሰቅሉታል፣ መንገደኛው አይቶ ይገባል። ቤቱም ከዚያ የተነሣ ፍራስኬታ ተባለ፤ የከተማዋንም ስም ከዚሁ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ደንበኛው ምግቡን ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ የሚገዛው መጠጡን ብቻ ነበር።

እህቶቼ፣ መንገዱ መካከል ቆሜ ቀረሁ። ከግራና በዚህ ሁሉ ባሕርና በረሃ ርቄ የእናቴን ጣሳ አገኘሁት።

ገባን። ባለቤቷ ስድሳውን ያለፈች፣ ሽርጧን የታጠቀች ሴት ናት። የሰፈሩ ሰዎች ባዶ ዕቃቸውን ይዘው እየመጡ በሊትር ታስቀዳላቸዋለች። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ እንደ እሷው ሽርጥ የታጠቀች የሌላ ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አያቷ ናት። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1943 የተባባሪዎቹ አይሮፕላኖች ፍራስካቲ የነበረውን የጀርመን ጦር አዛዦች ሠፈር ለመምታት ከተማዋን በቦምብ ሲያነድዱ አያቲቱ በሕይወት ተረፈች፤ በርሜሎቿ ግን ተሰባበሩ። ከፍርስራሹ ውስጥ አንድ ደኅና በርሜል አውጥታ በዚያው ዓመት እንደገና ጠመቀች አለችን። እናም የጠርሙሱን ወረቀት አዞረችልን። የአያቷ ስም በትልልቁ ታትሞበታል።

ይህን ስትተረጉምልኝ የነበረችው ጓደኛዬ በአማርኛ «እንግዲህ ይቺ ያገራችን ጠላ ሻጭ መሆኗ ነው! የቀራት ጣሳው» ብላ ሳቀች።

«ጣሳውስ ያው ተሰቅሏል» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ ጣሳ የት ታውቂያለሽ? እናቴ ነጋዴ ናት አላልሽኝም?»

እንግዲህ ለእሷም ዋሽቼ ነበር። እዚያው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ጋኑን፣ ጣሳውን፣ ሱቁን፣ በምረቃ ቀን የተሸሸገውን እጅ። የእናቴ ጋኖች በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ መሰባበራቸውን፣ አሁን በፕላስቲክ በርሜል እንደምትጠምቅና ጣዕሙ አልሆን ብሏት እንደምትበሳጭም ጨመርኩላት። እሷ ጥቂት ዝም ብላ «አብሽሪ» አለችኝ። «እኔም ለእናቴ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ ብያታለሁ። የሰው አሮጊት ሳገላብጥ እንደምውል አታውቅም።» ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ራሷ በስልክ ለእናቷ ስለነገረቻቸውና ፈቃዷንም ስለሰጠችኝ ነው።

ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። አንዱ ደረቁ ፍራስካቲ ሱፐሪዮሬ፣ ሁለተኛው ካኔሊኖ የሚሉት ጣፋጩ ነው፤ ካኔሊኖው ፍሬው ዘግይቶ ከሚለቀም ወይን ይሠራል። በሁለቱም አንገት ላይ ቁጥር ያለው የመንግሥት ወረቀት ተለጥፏል፤ ወይኑ የዚያው ቦታ ለመሆኑ ዋስትና ነው፤ ይህን ደረጃ ያገኙት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ነው። ዋጋቸው 9 እና 12 ዩሮ፣ በጊዜው ምንዛሪ ከ1,100 ብር በላይ ነበር። ከአበሌ ላይ ይህን ስከፍል እጄ አልተንቀጠቀጠም አልላችሁም።

ምናልባት ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ዕቃ የሚይዝ ቢኖር የተማርኩትን ልንገር። ያኔ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ አይገባም ነበርና ጠርሙሶቼ የሄዱት በሚጫነው ሻንጣ ነው። የአልኮሉ መጠን ከመቶ 24 የማይበልጥ መጠጥ በአይሮፕላን ደንብ እንደ አደገኛ ዕቃ አይቆጠርም፤ ጉምሩክ ላይ ግን ለሚጠይቅ ሰው በግልጽ መናገር ነው፤ እኔም ተናግሬ አለፍኩ። ጓደኛዬ እያንዳንዱን ጠርሙስ በላስቲክ፣ ቀጥላ በወፍራም ፎጣ ጠቅልላ ከሻንጣው መካከል፣ ከጠርዙ አርቃ አስቀመጠችው። ለእናቷ የላከችውን ሻሽ ግን በእጄ አስያዘችኝ። «ጠርሙሱ ቢሰበር እናቴ ወይን ጠጅ የጠጣ ሻሽ ለብሳ መስጊድ ልትሄድ ነው!» አለች። ሻሹን ከአዲስ አበባ እስከ መርሳ ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

ለገና ልጄን ይዤ ወደ አገሬ ተጓዝኩ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ግራናን የምታውቀው ገና ጡት ሳትጥል ሄዳ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ወደ እኛ ትመጣ ነበር እንጂ፣ በኋላም ወረርሽኙና ጦርነቱ ተከታትለው መንገዱ አልሆነልንም። ደሴ አድረን በማግሥቱ መርሳ ገባን፤ ሻሹን አደረስኩ። እናቲቱ «ልጄ ሥራዋ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ደኅና ናት፤ አሠሪዋም በጣም ይወዷታል» አልኳቸው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ቢሆንም ቡናቸው አልወረደልኝም።

ግራና ስንደርስ ጣሳው ተሰቅሏል። እናቴ ልጄን አገላብጣ ስማ፣ አልቅሳ፣ ገና ሳትጨርስ ልጄ ዙሪያዋን ተመልክታ «እማማ፣ ሱቁ የት አለ?» አለቻት።

«የምን ሱቅ፣ የኔ እናት?»

«እማዬ ሱቅ አለሽ ብላኝ ነበር።»

እናቴ አየችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የልጄን እጅ ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻትና አንድ ከገበያ ያመጣችውን አዲስ ጋን፣ ሁለት ሰማያዊ በርሜል፣ አንድ እንቅብ ጌሾ አሳየቻት። «ይኸውልሽ ሱቁ» አለቻት። ልጄ ወደ ጋኑ አጎንብሳ «እማማ፣ ይፈላል እኮ!» ብላ ጮኸች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የምለው አጣሁ። ማታ ልጄ ስትተኛ «እማዬ፣ ስለ ሱቁ…» ብዬ ጀመርኩ። «ነጋዴስ አይደለሁም?» አለችና እሳቱን አዳፍና ተነሣች። ሌላ አልተነጋገርንም።

በገና ዕለት ጠርሙሶቹን አወጣሁ። ቡሽ መንቀያ የሚባል ዕቃ በሰፈሩ ስላልተገኘ ቡሹን በሚስማርና በመዶሻ እየገፋን ወደ ውስጥ ጣልነው። ደረቁን ቀምሳ ፊቷን አኮማተረች፤ «ይሄ ቆምጥጧል፤ አታለውሽ ነው» አለች። ካኔሊኖውን ግን ሁለተኛ ቀዳች። «ይቺ እንኳ ብርዝ ትመስላለች።» ዋጋውን ነገርኳት፤ «በዚህ ስንት ጋን ይጠመቅ ነበር!» ብላ ራሷን ያዘች።

ከዚያ በኋላ የጠየቀችኝን እኔ ባለ ዲፕሎማዋ ጋዜጠኛ አንዲቱንም አልጠየቅሁም ነበር። በስንት ቀኑ ይደርሳል? ጌሾ ከሌለው ማን ያመርረዋል? ዕቃውን በምን ያጥኑታል? አንዳንዱን ብቻ መለስኩ። አብዛኛው ዛሬ በብረት በርሜል ውስጥ ነው ስላት «ብረት? ጣዕሙን አይለውጠውም? እኔ እኮ በፕላስቲኩ ተቸገርኩ» አለች። ከወይኑ ጭማቂ የሚቀረውን ቆዳና ፍሬ አንጥረው ግራፓ የሚባል ብርቱ መጠጥ እንደሚያወጡበት ስነግራት ግን ሳቀች። «አረቄ ነዋ! አተላ የሚደፋ ሴት የለም በለኛ።» የቤተ ክርስቲያናችን ደብተራ ይሰሙ ስለነበር፣ ለቅዳሴ ከዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ወይንና ይህ ዘመድ መሆናቸውን እሳቸው አስረዷት።

በመጨረሻ ጠርሙሱን አንሥታ ወረቀቱን ተመለከተች። ማንበብ አትችልም። «ምን ይላል?» አለች። የአንዲት ሴት ስም መሆኑን፣ የባለቤቷ አያት መሆኗን፣ በርሜሎቿ በጦርነት መሰባበራቸውን ነገርኳት። «የቱ ነው ስሟ?» አለች። አሳየኋት። ጌሾ ባጠቆረው ጣቷ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሄደችበት። «እንደገና ጠመቀች?» «በዚያው ዓመት» አልኳት። «ታዲያ ምን ታድርግ፤ ልጆች አሏት» አለች።

የምንመለስ ዕለት ሌሊት ተነሥታ ነበር። ከወይን ጠጁ ጠርሙስ አንዱን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ከአዲሱ ጋን ጠላ ሞልታ በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፋ ጠበቀችኝ። የሴትየዋን ስም አልላጠችውም፤ ከሥሩ ግን ልጄ በእስክርቢቶ የእማማን ስም ጽፋበታለች፤ አንዱ ፊደል ተገልብጧል። «ለመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ነው። አታጥብቂው፣ ይፈነዳል፤ በየመቆሚያው ከፈት እያደረግሽ አስተንፍሺው» አለችኝ።

ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አቁሜ ጉዞ ጀመርን። ደሴ ላይ አስተነፈስኩት፤ ደብረ ብርሃን ላይ አስተነፈስኩት። የጌሾው ሽታ አውቶቡሱን ሞላው። ከጎኔ የተቀመጡት ክራቫት ያሰሩ ሰው የኢጣልያውን ወረቀት አንብበው ግራ ገባቸው መሰለኝ፣ «ይቅርታ እመቤት፣ ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

ልጄ ቀደመችኝ። «የእማማ ጠላ ነው» አለቻቸው።

«የእናቴ ነው» አልኩ እኔም። «ግራና ትሸጣለች።»